ወንድሜ ለኢንስፔክተርነት ተመረጠ፤ የሥልጣን ካርዱ ግን «ገና ነው» ተባለ

ጣና ዳር (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። ታናሽ ወንድሜ የጥገና ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው፤ የወጣትነት ዕድሜውን ሃንጋር ውስጥ ጨርሶታል ማለት ይቻላል። በቅርቡ ለመንግሥት የአቪዬሽን ደኅንነት ኢንስፔክተርነት ተወዳድሮ አለፈ። ደስታችንን ሳንጨርስ ሌላ ወሬ መጣ፤ የክፍል ትምህርቱን ጨርሶ፣ ከነባር ኢንስፔክተር ጋር እየዞረ የሥራ ላይ ሥልጠናውን አጠናቅቆ፣ ችሎታው በፊርማ እስኪረጋገጥ ድረስ የሥልጣን መታወቂያ አይሰጠውም። እስከዚያው ብቻውን አንድ አውሮፕላን እንኳ መፈተሽ አይችልም።

እናታችን «አውሮፕላን ሲፈታና ሲገጥም የኖረን ልጅ ደግሞ ምን ሊያስተምሩት ነው?» ትላለች። አጎታችን «ቢሮክራሲ ነው» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። እኔ በሁለቱም አልረካሁም፤ ግን መልስ የለኝም። በሙያው ያላችሁ፣ ይህ ሥልጠና በእርግጥ ምንድን ነው? ከካርዱ በኋላ እየሠራ ቢማርስ ምን ይጎድላል?

ሃንጋር

እህቴ፣ እናትሽ ልክ ናቸው። እኔም ቴክኒሻን ነኝ። ፈቃድ ያለው፣ በአውሮፕላኑ ዓይነት የሠለጠነ፣ ሥራ አስረክቦ የሚፈርም ሰው ከማንም ኢንስፔክተር በላይ ያውቃል። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ የሚለይን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ «የደኅንነት ጽንሰ ሐሳብ» ማስተማር ጊዜ መግደል ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የትና መቼ እንደሆነ አልናገርም። አንድ ኢንስፔክተር መጣና ተሳፋሪ ሊገባ ሲል የአንዱን ጎማ መበላት በዓይኑ ብቻ አይቶ «ይህ አይበርም» አለ። እኔ መለኪያውን አምጥቼ የቀረውን የጎማ ጥርስ ጥልቀት ለካሁለት፤ በጥገና መመሪያው ከተቀመጠው ገደብ በላይ ነበር። መመሪያውንም ገልጬ አሳየሁት። እሱ ግን ክብሬ ተነካ ብሎ ሙግት ያዘ። በረራው ዘገየ፤ በመጨረሻ አለቃው በስልክ «ልቀቀው» አለው። ያ ሰው ካርድ ነበረው። እንግዲህ ካርድ እንዲህ ካደረገ፣ ሥልጠናው ምን ዋጋ አለው?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

ወንድም ሃንጋር፣ ለእኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር ማምጣት አይቻልም። ያ ሰው ያጋጠመህ ሥልጠና ስለበዛበት አይደለም። አንድ ኢንስፔክተር «አይበርም» ከማለቱ በፊት የትኛውን ገደብ፣ ከየትኛው ሰነድ፣ በየትኛው መለኪያ ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። ይህን ደግሞ ማንም ሰው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት አይወለድም፤ ቴክኒሻንነትም ብቻውን አያስተምረውም።

እህታችን ጣና ዳር፣ አሁን ወደ አንቺ ጥያቄ። ወንድምሽ ሃንጋር ውስጥ ሲሠራ ስንጥቅ ቢያይ እጁ ወደ መፍቻው ይሄዳል፤ ማድረግ ያለበትም ይህንኑ ነው። ኢንስፔክተር ሲሆን ግን መፍቻ አይነካም፤ ሽፋን አይከፍትም፤ «እስቲ ልሞክረው» አይልም። የሱ ጥያቄዎች ሌላ ናቸው። ይህ ስንጥቅ ባለፈው ፍተሻ ለምን አልታየም? ያን ፍተሻ ማን ፈረመ? የፈረመው ሰው ለዚያ ሥራ ተፈቅዶለት ነበር? ኩባንያው እንዲህ ዓይነቱን ጉድለት ራሱ የሚይዝበት ሥርዓት አለው ወይስ የእኛን መምጣት ይጠብቃል? የአንድ አውሮፕላን ጤና የቴክኒሻኑ ነው፤ የኩባንያው ሥርዓት ጤና ግን የኢንስፔክተሩ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም የሚቸገሩት ጎበዝ ቴክኒሻኖችና አንጋፋ አብራሪዎች መሆናቸውን አይቻለሁ፤ እጃቸው ቶሎ ይሮጣል።

ይህ የአንድ አገር መሥሪያ ቤት ፈጠራ አይደለም። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በሙያው አይካኦ የምንለው፣ አንድ አገር የአቪዬሽን ደኅንነትን እንዲቆጣጠር ስምንት ወሳኝ አካላትን ይጠይቃል። እነዚህ አሁን አኔክስ 19 በሚባለው፣ ስለ ደኅንነት አስተዳደር በሚደነግገው የድርጅቱ አባሪ ሰነድ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሕግ፣ ደንብ፣ ድርጅታዊ መዋቅር ይቀድማሉ፤ አራተኛው ብቁ የቴክኒክ ባለሙያ ነው። አገሪቱ ለኢንስፔክተሮቿ ዝቅተኛውን የትምህርትና የልምድ መስፈርት ማውጣት አለባት፤ የመጀመሪያና የማደሻ ሥልጠና መስጠት አለባት፤ ማን ምን እንደሠለጠነ የሚያሳይ መዝገብም መያዝ አለባት። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይካኦ አገሮችን በዚህ ሁሉ ኦዲት ያደርጋል። ኦዲተሮቹ ሲመጡ «ጎበዝ ሰዎች አሉን» የሚለውን አይሰሙም፤ ፋይል አውጡ ነው የሚሉት።

ሥልጠናው በአራት ይከፈላል። መጀመሪያ የመግቢያው ነው፤ ሕጉ፣ የባለሥልጣኑ አሠራር፣ የኦዲት ዘዴ፣ ጉድለትን እንዴት በጽሑፍ ማስፈር እንደሚገባ፣ ሕግ ሲጣስ ምን እርምጃ እንደሚወሰድ። ቀጥሎ የየዘርፉ ልዩ ሥልጠና አለ፤ የበረራ ሥራ፣ የአውሮፕላን ብቃት፣ የባለሙያ ፈቃድ፣ የአየር ማረፊያ፣ አደገኛ ዕቃ እያለ ይሄዳል። ሦስተኛው የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። አራተኛው በየጊዜው የሚመለሰው የማደሻው ነው፤ እሱ ጡረታ እስክትወጪ አይለቅሽም።

ክብደቱ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። በአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እንኳ የሥራ ላይ ሥልጠና ደረጃ አለው፤ በመጀመሪያ ተግባሩን በዕውቀት ትረጂዋለሽ፣ ቀጥሎ ሌላው ሲሠራው ታያለሽ፣ በመጨረሻ አሠልጣኙ እያየሽ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ፊርማው የሚያርፈው ለእያንዳንዱ ተግባር ለብቻው ነው። የጥገና ድርጅት ኦዲት የተፈረመለት ሰው የመንገድ ላይ በረራ ፍተሻ (በበረራ ላይ ከአብራሪዎቹ ጋር ተቀምጦ የሚደረገው) አልተፈረመለትም ማለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወንድምሽ ካርድ ሲያገኝ እንኳ በካርዱ ሁሉን አያደርግበትም።

ሕግ ጠቃሽ

በአጭሩ ከሕጉ ጎን ልጨምር። ያ መታወቂያ እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አይደለም። ተሸካሚው ወደ አውሮፕላን፣ ወደ ሃንጋር፣ ወደ መዝገብ ክፍል ያለ ከልካይ እንዲገባ፣ በበረራም ከአብራሪዎቹ ኋላ ባለው መቀመጫ እንዲቀመጥ ያስችለዋል። በ1944 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 16 ደግሞ የአንድ አገር ሥልጣን ያላቸው ሹማምንት የሌላ አገር አውሮፕላን ሲያርፍ ወይም ሲነሣ እንዲፈትሹና ሰነዶቹን እንዲመረምሩ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን «ያለ አግባብ ሳያዘገዩ» የሚል ገደብ አስቀምጧል። አንቀጽ 29 የትኞቹ ሰነዶች አውሮፕላኑ ውስጥ መገኘት እንዳለባቸው ይዘረዝራል፤ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የብቃት ምስክር ወረቀት፣ የእያንዳንዱ የበረራ ሠራተኛ ፈቃድ፣ የጉዞ መዝገብ፣ የሬዲዮ ፈቃድ፣ የተሳፋሪዎች ስም ዝርዝር፣ የጭነት ዝርዝር።

እንግዲህ አስቡት። ይህን ያህል ሥልጣን ያለው ሰው አንድ በረራ አስቁሞ አየር መንገዱ ቢከራከር፣ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ይህ ሰው ይህን እንዲያደርግ ማን ፈቀደለት፣ ሥልጠናውስ የት አለ?» ነው። መዝገቡ ባዶ ከሆነ ጉድለቱ እውነት ቢሆንም እንኳ እርምጃው ይላላል። ሥልጠናው ለአየር መንገዱ መብትም ጥበቃ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ሃንጋር

ጋሼ ተቆጣጣሪ፣ የጎማውን ነገር መልሰው በእኔው ላይ አዞሩት፤ ይሁን። አንድ ነገር ግን ይመልሱልኝ። አሠልጣኙን ማን አሠለጠነው? ነባሩ ኢንስፔክተር የሚያውቀው ከአምስት ዓመት በፊት የለቀቀውን አውሮፕላን ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ ልጅ ከሱ የሚወርሰው የድሮ ልማድ ነው። የሥራ ላይ ሥልጠና የምትሉት «ከኔ ጋር ዙርና ፈርምልሃለሁ» እንዳይሆን።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

እዚህ ላይ አልከራከርህም። ጉዳዩ የሚበላሽበት ቦታ በትክክል ይኸው ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚደረገው አሠልጣኙ ራሱ በዚያ ተግባር የተረጋገጠና የማሠልጠኛ ዘዴ የተማረ እንዲሆን፣ እንዲሁም የመጨረሻ ፊርማውን ሌላ ሰው እንዲያይ ነው። በተግባር ግን ሰው ባነሰበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰው አሠልጣኝም፣ ፈራሚም፣ ተቆጣጣሪም ይሆናል። ምልክቱን ከፋይሉ ታገኘዋለህ፤ ሁሉም ተግባር በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ዓይነት አስተያየት ተፈርሞ ካየህ ያ ሥልጠና ወረቀት ላይ ብቻ የተደረገ ነው።

የታንኳ ሰው

እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ፤ ስለ አውሮፕላን የማውቀው በላዬ ሲያልፍ ብቻ ነው። ዕድሜዬ ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ የተነሣ ቦይንግ 737 ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ፤ አንዱ ሞተር ወዲያው ኃይል አጣ፣ ሁለተኛው ለመመለስ ሲዞር ደከመ። ያለ ጎማ ሜዳ ላይ ወረደና እሳት ተነሣበት። 104 ሰዎች ነበሩበት፤ 35 ሞቱ። ከተማው በሙሉ ለቅሶ ላይ ነበር።

እና ልጠይቃችሁ፤ እነዚህ የምታወሩላቸው ኢንስፔክተሮች ወፍ ያያሉ? ከዓሣ ገበያው ፔሊካኑ አይጠፋም፣ አባ ኮዳውም የአምባዛ ሆድ ዕቃ ሲጣል ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሁሉም ክንፍ አለው። የሞተሩን ጎማውን ብቻ ነው ወይስ ሰማዩንም ትቆጣጠራላችሁ?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

ጋሽ ታንኳ፣ ጥያቄዎ ከሁላችን ይልቃል። ያን አደጋ የኢንስፔክተር ጉድለት አመጣው ልል አልችልም፤ በዚያን ዘመን የአየር ማረፊያዎች የምስክር ወረቀት አሰጣጥ ዛሬ ባለበት ደረጃ አልነበረም። አይካኦ ለዓለም አቀፍ በረራ የሚያገለግሉ አየር ማረፊያዎች ሁሉ ምስክር ወረቀት እንዲኖራቸው ያስገደደው ከኅዳር 2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ዛሬ ግን የአየር ማረፊያ ኢንስፔክተር የሚባል ዘርፍ አለ፤ ወፍም አንዱ ሥራው ነው።

እስቲ ባሕር ዳርን ለሥልጠና ምሳሌ እናድርገው። የአይካኦ መመሪያ ቆሻሻ መድፊያና ወፍ የሚስብ ነገር ከአየር ማረፊያው በ13 ኪሎ ሜትር ክብ ውስጥ እንዳይሆን ይመክራል። አዲስ ሠልጣኝ ይህን ቁጥር ሸምድዶ ባሕር ዳር ሲመጣ ካርታ ላይ ክቡን ይስላል፤ የከተማው አብዛኛው ክፍል፣ የዓሣ ገበያው፣ የሐይቁ ዳርቻ ሁሉ ክቡ ውስጥ ይገባል። ሪፖርቱን «ጣና ሐይቅን አንሡ» በሚል ዓይነት ያጠናቅቀዋል። የሠለጠነው ግን ሐይቁ እንደማይነሣ ያውቃል። የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የወፍ ምልከታ መዝገባችሁን አሳዩኝ። በየወሩ የትኛው ወፍ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው የማኮብኮቢያ ጫፍ ይበዛል? የርግብ መንጋ ጠዋት ነው ወይስ ማታ የሚያቋርጠው? ማኮብኮቢያው አጠገብ ሣሩ ምን ያህል ይረዝማል፤ ከክረምት በኋላ ውኃ የሚቋጥር ጉድጓድ አለ? ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ስለ ቆሻሻ የምትነጋገሩበት ኮሚቴ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰበው መቼ ነው፣ ቃለ ጉባኤው የት አለ? ፓትሮሉ ወፍ ሲያገኝ ምን ያደርጋል፣ ማማው ላይ ላሉት የበረራ ተቆጣጣሪዎች በስንት ደቂቃ ይነግራል?

ሁለተኛ ምሳሌ ከእሳት አደጋው። የማዳንና የእሳት ማጥፊያ አገልግሎት ደረጃ የሚወሰነው በአውሮፕላኑ ርዝመትና በሆዱ ስፋት ነው። ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን 32.8 ሜትር ነው፤ ደረጃ 6 ውስጥ ይወድቃል። ቦይንግ 737-800 39.5 ሜትር ነው፤ በግማሽ ሜትር አልፎ ደረጃ 7 ይገባል። አሁን ሠልጣኙ መጣ፤ 737 ሲያርፍ አየ፤ የእሳት አደጋው አቅም ግን ደረጃ 6 መሆኑን ከሰነዱ አነበበ። «ጉድለት!» ብሎ ጻፈ። ነገር ግን ደንቡ የመቀነሻ አንቀጽ አለው፤ በጣም በሚበዛባቸው ተከታታይ ሦስት ወራት የትልቁ ደረጃ አውሮፕላን እንቅስቃሴ ከ700 ካነሰ አንድ ደረጃ ዝቅ ማለት ይቻላል። ሠልጣኙ የእንቅስቃሴውን ቁጥር ሳይጠይቅ ነው የጻፈው። አየር ማረፊያው ቁጥሩን አውጥቶ ቢያሳየው ኢንስፔክተሩ አፍሮ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ ጉድለት ሲያገኝ ማን ይሰማዋል? ይህን ስሕተት ከአሠልጣኙ ጋር ሆኖ፣ ካርድ ሳይይዝ ቢሠራው ግን ዋጋው አንድ የተሰረዘ ገጽ ብቻ ነው።

ደግሞም የምላሽ ጊዜ አለ። መኪናዎቹ ወደ ማንኛውም የማኮብኮቢያ ነጥብ ከ3 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ መድረስ አለባቸው፤ 2 ደቂቃ ይመከራል። ይህ የሚታወቀው ቢሮ ተቀምጦ ሳይሆን ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ሰዓት ይዞ በመቆም ነው። ደወሉ መቼ እንደተነሣ፣ መኪናው መቼ እንደ ተንቀሳቀሰ፣ አረፋው መቼ እንደ ወጣ ለየብቻው ይመዘገባል። ሠልጣኝ ሳለሁ አሠልጣኜ «ሰዓቱን ከማን ደወል ጀመርክ?» ብሎ የጠየቀኝን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ከማማው ደወል መሆን አለበት፣ ከእሳት አደጋው ጣቢያ አይደለም።

የታንኳ ሰው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ መዝገቡ ከነገሩኝ በኋላ ገባኝ። እኛ ዘንድም የጀልባ መፈተሻ ሲመጣ የሕይወት ጃኬቱን ቆጥሮ የሚሄድና ጃኬቱን አንሥቶ ክሩን ጎትቶ የሚያይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ።

ሲቪል ምሩቅ

አቋርጬ ልጠይቅ። እኔ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምሕንድስና የተመረቅሁ ነኝ፤ አብራሪ ወይም ቴክኒሻን አይደለሁም። የአየር ማረፊያ ኢንስፔክተር መሆን እችላለሁ?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

ልጄ፣ ትችላለህ። ለበረራ ሥራ አብራሪ፣ ለአውሮፕላን ብቃት ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ወይም የአቪዬሽን መሐንዲስ ይፈለጋል፤ ለአየር ማረፊያ ግን የሲቪል ምሕንድስና ዕውቀት ዋና መግቢያ ነው። የማኮብኮቢያ አስፋልት፣ ተዳፋት፣ የውኃ ፍሳሽ፣ ምልክት፣ መብራት። የሚጎድልህ ስለ አየር ማረፊያዎች የሚደነግገውን የአይካኦ አኔክስ 14ን አንብቦ መጨረስና የአየር ማረፊያ ሥራ በቀንና በሌሊት እንዴት እንደሚካሄድ መረዳት ነው። አስቀድመህ አየር ማረፊያ ውስጥ በሥራ ብትቆይ የበለጠ ይረዳሃል።

ሰማይ ጠባቂ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ ግን ሥልጠናው ሳይጠናቀቅ ሰው ሲሰማራ ምን እንደሚሆን ከሩቅ አገር ምሳሌ መኖሩን አትርሱ። በመስከረም 2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞችን ጥቆማ የሚመረምረው የልዩ አማካሪ ቢሮ ለፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ ጻፈ። የአብራሪዎችን የሥልጠና መስፈርት ከሚገመግሙት 22 የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ኢንስፔክተሮች መካከል 16ቱ የሚገባውን መደበኛ ሥልጠና ሳያሟሉ ይሠሩ እንደነበር ገለጸ፤ ከነሱም ጥቂቶቹ 737 ማክስን በሚመለከት ሥራ ላይ እንደነበሩ ጠቆመ። አስተዳደሩ «ማክስን የገመገሙት ሰዎች ብቁ ነበሩ» ብሎ አስተባብሏል። ማን ልክ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። እኔ ግን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ ስለ ወደቀው የኛ 737 ማክስ አውሮፕላን፣ ስለ 157ቱ ሰዎች ሳስብ፣ የሥልጠና መዝገብ አንድ ገጽ መጉደል ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው አይዋጥልኝም።

ሕንድንም እዩ። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የሕንድን የደኅንነት ደረጃ ከምድብ 1 ወደ ምድብ 2 አወረደችው። አንዱ ምክንያት በቋሚነት የሚሠሩ የበረራ ሥራ ኢንስፔክተሮች አለመኖራቸው ነበር፤ ከአየር መንገዶች በተውሶ የሚመጡ አብራሪዎች ነበሩ ሥራውን የሚሠሩት። ምድብ 2 ማለት የአገሪቱ አየር መንገዶች ወደ አሜሪካ አዲስ በረራ መጨመር አይችሉም ማለት ነው። ወደ ምድብ 1 የተመለሱት በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ያህል ትልቅ አገር፣ አንዱ ምክንያት የኢንስፔክተር ማነስ ሆኖ፣ አዲስ በረራ ከመጨመር ከአንድ ዓመት በላይ ታገደ።

ሃንጋር

የተውሶ አብራሪ ያልከው ጥሩ ነጥብ ነው፤ ገንዘቡንም ያስታውሰኛል። አየር መንገድ ውስጥ አንድ ካፒቴን የሚከፈለውን የመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አይከፍልም፤ ይህ በየአገሩ ያለ ችግር ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰው አይመጣም፣ ከመጣም አይቆይም። ካርዱን አግኝቶ፣ በመንግሥት ወጪ ሠልጥኖ፣ ከዚያ ወደ አየር መንገዱ ይመለሳል። ሥልጠናው ረጅም የሆነው ሰውን ለመያዝ ይመስለኛል አንዳንዴ።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

ይህንን በሙሉ ልቤ አልቀበልም፤ ግማሹን ግን እቀበላለሁ። ሰው መሄዱ እውነት ነው። አሜሪካኖች ይህን በ2011 እ.ኤ.አ. በደንብ መልክ አስቀመጡት፤ አንድ የቀድሞ ኢንስፔክተር ይቆጣጠረው የነበረው ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ፣ ኩባንያውን ወክሎ ከአስተዳደሩ ጋር እንዳይከራከር ለ2 ዓመት ተከለከለ። ምክንያቱ በተቆጣጣሪውና ቁጥጥር በሚደረግበት ኩባንያ መካከል የነበረ ከመጠን ያለፈ ቅርርብ ነው።

በእኛ አገር ጉዳዩ ሌላ ገጽ አለው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአየር ማረፊያዎች አስተዳደር በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ነው፤ ቁጥጥሩ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ባለሙያዎቹም አንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ አንድ ሃንጋር ውስጥ አብረው የሠሩ፣ ብዙ ጊዜም የሠርግና የክርስትና ዘመድ ናቸው። ወንድምሽ ነገ የቀድሞ አለቃውን ፋይል ይከፍታል። ስለዚህ የጥቅም ግጭትን የሚመለከተው የሥልጠናው ክፍል እንደ ይስሙላ የሚታለፍ አይደለም። ከቀድሞ ጓደኛው ሻይ መጠጣት ይችላል ወይስ አይችልም፣ ፍተሻው ውስጥ የትኛውን ፋይል ለሌላ ባልደረባ መተው አለበት፣ ይህ ሁሉ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ጣና ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለወንድሜ አሳየሁት፤ አንብቦ ዝም አለ፣ ከዚያ «ጎማውን የለካው ሰው የሙያ ወንድሜ ነው» አለ። ጋሼ ተቆጣጣሪ፣ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ። በሥራ ላይ ሥልጠናው ጊዜ በቀን ውስጥ ምን ይሠራል? ለምሳሌ እዚሁ ባሕር ዳር አውሮፕላን ሲያርፍ።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

በአውሮፕላን ማቆሚያው የሚደረገውን ፍተሻ ልንገርሽ። ኪው 400 አረፈ እንበል። ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ተሳፋሪው ወርዶ ሌላው ይገባል፣ ነዳጅ ይሞላል። በዚህ መካከል ነው ፍተሻው የሚያልቀው።

ወንድምሽ ከአሠልጣኙ ኋላ ነው የሚቆመው። አሠልጣኙ መጀመሪያ ለካፒቴኑ ካርዱን አሳይቶ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ሰላምታው አጭር ነው፣ ሥራቸውን አያቋርጥም፤ የበረራ ዝግጅት ቼክሊስት እያነበቡ ከሆነ እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ከዚያ ሰነዶቹ፤ አንቀጽ 29 ላይ ሕግ ጠቃሽ የጠቀሰው ዝርዝር። ቀጥሎ የቴክኒክ መዝገቡ፤ ለሌላ ጊዜ የተላለፉ ጥገናዎች አሉ ወይ፣ ካሉ ሳይሠሩ መብረር የሚፈቀድባቸውን ዕቃዎች በሚዘረዝረው ሰነድ መሠረት ናቸው ወይ፣ የጊዜ ገደባቸው አልፏል ወይ። እዚህ ላይ ወንድምሽ ከማንም ይፈጥናል፤ የቴክኒክ መዝገብ ማንበብ ያውቃል።

ከዚያ ዙሪያውን ይዞራሉ። ከአፍንጫው ጀምሮ በሰዓት አቅጣጫ፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ የዘይት ፍሳሽ፣ የተላቀቀ መዝጊያ፣ የፕሮፔለሩ ምላጭ ጫፍ፣ የመብራት መስታወት። ከውስጥ የእሳት ማጥፊያው ቀን፣ የድንገተኛ መውጫው መንገድ በሻንጣ አለመዘጋቱ፣ የሕይወት ጃኬቱ። በጣና ላይ ተነሥቶ ጃኬት የለም ማለት ያሳፍራል።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወንድምሽ አይናገርም፤ ያያል፣ በማስታወሻው ይጽፋል፤ ማታ ከአሠልጣኙ ጋር ያወዳድራል። አሠልጣኙ ያየውንና እሱ ያላየውን ያጣራሉ። ትልቁ ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ እሱ ያየውና አሠልጣኙ የዘለለው ነገር ነው፤ «ለምን ተዉት?» ሲል መልሱ «ከፍተሻው ወሰን ውጭ ነው» ወይም «ለአብራሪው ነግሬዋለሁ፣ ጉድለት አይደለም» ሊሆን ይችላል። ከዚያ እሱ ይመራል፣ አሠልጣኙ ኋላ ይቆማል። ጉድለት ካገኘ ለካፒቴኑ በራሱ ቋንቋ ሳይሆን በደንቡ ቋንቋ ያስረዳል፤ አንድ ነገር እንዳይነካ፣ እንዳይከፍት፣ ምክር እንዳይሰጥ። «ይህን እንዲህ አድርጉት» ካለ ነገ ያንን የራሱን ምክር ሊፈትሽ ይመጣል።

በመጨረሻ ሪፖርት አለ። ብዙ ሠልጣኞች የሚወድቁት እዚህ ነው። «ጎማው ጥሩ አይደለም» ሪፖርት አይደለም። የየትኛው ጎማ፣ በምን ተለካ፣ ምን አነበበ፣ ገደቡ ስንት ነው፣ ከየትኛው ሰነድ ምዕራፍ። ወንድም ሃንጋር ያጋጠመው ሰው ይህችን አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ በረራው አይዘገይም ነበር፤ ስትጽፊያት ገደቡን ማየት ግድ ነውና።

ሃንጋር

ይህን አሁን ተቀበልኩ። ሰውየው መስመሩን አልጻፈም።

ጣና ዳር

ወንድሜ አንድ ጥያቄ ላከ፤ ከዚያ አልጨቀጭቅም ብሏል። ሠልጣኙ ጉድለት አየሁ ሲል አሠልጣኙ «የለም» ቢል፣ የማን ቃል ይጸናል?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ

የአሠልጣኙ፤ ካርዱ የእሱ ነውና። ነገር ግን ወንድምሽ ያየውን በሥልጠና መዝገቡ ከነምክንያቱ ያስፍር፤ አሠልጣኙም ለምን እንዳልተቀበለው ከጎኑ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት። ጉዳዩ በረራውን የሚያሠጋ ከሆነ ግን ማታ እስኪሆን አይጠብቅ፤ ተሳፋሪው ከመግባቱ በፊት እዚያው ለአለቃቸው ይደውሉ።